ከእስር የወጣን ሰው የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሰጥ ማስገደድ ይገባል?

ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከማረሚያ ቤት ወጥተው ወደ ማኅበረሰቡ የሚመለሱ ሰዎችን በሚያግዝ ፕሮግራም ውስጥ በበጎ ፈቃደኝነት አገለግላለሁ። ፕሮግራሙ በቅርቡ አዲስ መመሪያ አወጣ። ማንኛውም ተፈቺ የመጠለያና የሥራ ፍለጋ ድጋፍ ለማግኘት ከወጣበት ሳምንት ጀምሮ በየሳምንቱ የተወሰነ ሰዓት ያለ ክፍያ ማገልገል አለበት ይላል። መናፈሻ ማጽዳት፣ አጥር መቀባት፣ ዕቃ መጫንና ማውረድ ማለት ነው። ሰዓቱን ያላሟላ ድጋፉ ይቋረጥበታል። እኔ ይህን እቃወማለሁ። የምቃወመውም አገልግሎትን ስለምንቅ አይደለም። ከእስር የወጣ ሰው ለሌላው የሚጠቅምበት ቦታ ማግኘቱ ከምንሰጠው እርዳታ ሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ማደሪያውን እንዳያጣ ፈርቶ የሚያገለግል ሰው ሁለተኛ ቅጣት እየፈጸመ ነው እንጂ ምንም እየሰጠ አይደለም። በሥራው ውስጥ ያላችሁ፣ በተለይም ታስራችሁ የወጣችሁ፣ ምን ትላላችሁ ብዬ ጠየቅሁ። መልሱ በዛ፤ ዘግይተው ለሚመጡ አንባቢዎች እንዲመች በየተራው አስቀምጠዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የመጀመሪያው መላሽ ለረጅም ጊዜ በአመክሮ የተፈቱ ሰዎችን ሲከታተሉ የኖሩ ባለሙያ ናቸው። በትሕትና ሰላምታ ካቀረቡ በኋላ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም እየተጠሩ መሆኑን አመለከቱ። በፍርድ ቤት የሚወሰን የማኅበረሰብ አገልግሎት ራሱን የቻለ ቅጣት ነው፤ የታሰበውም ሰው ከነጭራሹ እስር ቤት እንዳይገባ ነው። እንግሊዝ በ1972 ባወጣችው ሕግ ፍርድ ቤቶች ከ40 እስከ 240 ሰዓት ያለ ክፍያ የሚሠራ ሥራ እንዲወስኑ ፈቀደች። ዚምባብዌም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተመሳሳይ ሥርዓት ስትዘረጋ የተጨናነቁትን እስር ቤቶቿን ለማቅለል አስባ ነበር። በሁለቱም አገሮች አገልግሎቱ የእስሩ ምትክ ነው። የእኛ መመሪያ ግን እስሩን ጨርሶ በወጣው ሰው ላይ ሌላ ይጨምርበታል። ለመሆኑ ያዘዘው ማነው ብለው ጠየቁኝ። የትኛውም ፍርድ ቤት እንዳላዘዘው፣ ፕሮግራሙ በራሱ ያወጣው እንደሆነ መለስኩላቸው።

2. ሁለተኛው መልስ አጭርና ተቃራኒ ነው። ጸሐፊው ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል የሚለውን ተረት አስታውሶ፣ አዲስ ተፈቺን ወደ ጥፋት የሚመልሰው ባዶ ቀን ነው አለ። መጀመሪያ ይገደድ፣ በኋላ ይወደዋል የሚል አቋም አለው።

3. ሦስተኛው ጸሐፊ ራሱ ታስሮ የወጣ ነው። ከሁሉም መልሶች ደጋግሜ ያነበብኩት የእሱን ነው። ሁለቱንም ዓይነት አገልግሎት አይቷል። በወጣ ሰሞን የፕሮግራሙ ስም በጀርባው የታተመበት ሰደርያ አልብሰው መንገድ ዳር አጥር ያስቀቡት ነበር። ሰደርያው እሱ ከየት እንደመጣ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ይናገርበታል። ልጇን ይዛ የምትመጣ አንዲት እናት ገና ከሩቅ ስታየው መንገድ ስትሻገር ብሩሹን ጥሎ ለመሄድ ቃጥቶት ነበር። ያልሄደው ማታ የሚያድርበት ስለሌለው ነው። ሰዓቱን ሞላ፣ ተፈረመለት፣ አበቃ። ከዚያ በኋላ ግን በመጠለያው አብረውት የሚኖሩ አንድ አዛውንት ከቤተሰብ የመጣላቸውን ደብዳቤ ማንበብ እንደማይችሉ አስተዋለ። ማንም ሳያዘው ማታ ማታ ፊደል ያስቆጥራቸው ጀመር። ሌሎችም ተከተሉ። አንድ ቀን ታሞ ሳይመጣ ሲቀር ሦስቱ ተማሪዎቹ ክፍሉ ድረስ መጥተው ጠየቁት። አጥሩን ሲቀባ የሚቆጣጠረው እንጂ የሚፈልገው ሰው አልነበረም፤ አሁን ግን የሚፈልጉት ሰዎች አሉ። ለሁለተኛው መላሽም በቀጥታ እንዲህ ሲል መለሰለት፦ አጥሩን በኋላ አልወደደውም፣ ዛሬም አይወደውም።

4. አራተኛዋ ሰዎች ወንጀልን እንዴት እንደሚተዉ የሚመረምር ትምህርት የምትከታተል ናት። የሦስተኛው ሰው ታሪክ ተመራማሪው ሻድ ማሩና በሊቨርፑል አካሂዶ በ2001 ካሳተመው ጥናት ጋር እንደሚገጥም ጻፈች። ከወንጀል የራቁት ሰዎች ስለ ሕይወታቸው ሲያወሩ ያሳለፉትን መከራ ለሌላው ሰው ትምህርት የማድረግ ምኞት ደጋግሞ ይሰማል፤ በተለይም ከኋላቸው የሚመጡትን ወጣቶች መርዳት ይፈልጋሉ። በ1999 በአሜሪካ የታተመ ሌላ ጥናትም በጎ ፈቃደኛ ሆነው ያገለገሉ ወጣቶች በቀጣዮቹ ዓመታት በፖሊስ የመያዛቸው ነገር ካላገለገሉት ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ይሁን እንጂ ወዲያው ጥንቃቄ አከለች። ለማገልገል የሚነሳ ሰው ድሮውንም ከሌላው የተለየ ሊሆን ይችላልና፣ በፈቃዱ ያገለገለውን አይቶ ሌላውን ማስገደድ ይበጃል ብሎ መደምደም አይቻልም። በጨዋ ደንብ የቀረበ፣ ለመመሪያው ደጋፊዎች ግን ከባድ መልስ ነው።

5. እዚህ ላይ የውይይቱ ድምፅ ተለወጠ። አምስተኛዋ ጸሐፊ ወንድሟን በወንጀል ያጣች ሴት ናት። ቁጣዋን አልደበቀችም። ስለ አጥር ቀቢው ስሜት ይህን ያህል ስታወሩ ስለ እናቴ የጠየቀ አለ ወይ ነው ነገሩ። ገዳዩ ሲፈታ በር ላይ የሚቀበለው በጎ ፈቃደኛ ነበረው፤ መጠለያ፣ አማካሪ፣ ልብስ ተዘጋጅቶለታል። እናቷ ግን መፈታቱን እንኳን የሰማችው ከጎረቤት ነው። ጥናቶቻችሁን ያዙ፣ ያ ሰው ሰዓት ቆጥሮ ማገልገሉ ለእኔ ያንስብኛል እንጂ አይበዛብኝም ብላ ደመደመች።

ከሰጠኋቸው ምላሾች ሁሉ ረጅሙን የጻፍኩት ለእሷ ነው። ለተበዳይ ቤተሰብ አለማሳወቅ በደል ነው፤ የተፈቺ ድጋፍ ያለው ቦታ ሁሉ የተጎጂ ድጋፍ ሊኖር ይገባል። አንዱን ከሌላው ነጥቀን የምናመጣው ነገር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 ያጸደቃቸው የእስረኞች አያያዝ ደንቦች፣ የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች የሚባሉት፣ በአራተኛው ደንባቸው የእስር ዋና ዓላማ ኅብረተሰቡን ከወንጀል መጠበቅና ጥፋት እንዳይደገም ማድረግ መሆኑን ይናገራሉ። ይህም የሚሳካው ሰውየው ሲወጣ ሕግ አክብሮ፣ ራሱን ችሎ መኖር እንዲችል የእስሩ ዘመን ጥቅም ላይ ሲውል ነው። በር ላይ የሚቆመው በጎ ፈቃደኛ ሌላ እናት እንዳታለቅስም ጭምር ነው የሚቆመው። አንብባዋለች፤ አልመለሰችም፤ እንድትመልስም አልጠበቅሁም።

6. ስድስተኛው መላሽ የእሷን ቁጣ በአክብሮት ተቀብሎ የድጋፍና የተጠያቂነት ክበቦች የሚባለውን አሠራር አመጣ። የተጀመረው በ1994 በካናዳ ኦንታሪዮ፣ ሃሚልተን ከተማ ነው። በሕፃናት ላይ የወሲብ ጥቃት ፈጽሞ የእስር ዘመኑን የጨረሰ ሰው ያለ ምንም ክትትል ሊወጣ ሆነ፤ ከተማው በፍርሃት ተናወጠ። ሜኖናይት የተባለው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አንድ አገልጋይ ጥቂት ምእመናንን አሰባስቦ በሰውየው ዙሪያ አቆማቸው። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ። ከአራት እስከ ስድስት የሚሆኑ የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች አንድን ተፈቺ በየጊዜው ያገኙታል። ሐኪም ቤት ያደርሱታል፣ በዓል አብረውት ይውላሉ፤ ወደ አደገኛ ጠባዩ ሲያዘነብል ደግሞ ፊት ለፊት ይጠይቁታል፣ ካስፈለገም ለሚመለከተው ያሳውቃሉ። በአሜሪካ ሚኔሶታ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ያነጻጸረና በ2018 የታተመ ጥናት፣ በክበብ ውስጥ የነበሩት በአዲስ የወሲብ ወንጀል የመያዛቸው አደጋ በ88 በመቶ ቀንሶ ማግኘቱንም ጠቀሰ።

7. ሰባተኛው ሰው ቁጥሩን አልካደም፤ አረዳዱን ግን አረመ። 88 በመቶው በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለ ንጽጽር ነው እንጂ ከመቶ ሰዎች 88ቱ ተለወጡ ማለት አይደለም። በጥናቱ የገቡት ሰዎችም ጥቂት ስለሆኑ አንዲት ጉዳይ ብትጨመር ቁጥሩ ይንቀሳቀሳል። ደግሞም ክበቡ ማኅበረሰቡ ለተፈቺው የሚያደርገው ነው፤ ጥያቄው ግን ተፈቺው ለማኅበረሰቡ ስለሚያደርገው ነበር ሲል ወደ መስመራችን መለሰን። ምክንያታዊ እርማት ነው።

8. ብዙም አልቆየንበትም። ስምንተኛዋ ሁሉም ነገር የሚጀምረው ገና በእስር ላይ እያሉ በሚደረግ ጉብኝት ነው ብላ ሌላ በር ከፈተች። በዚያው በሚኔሶታ ከ2003 እስከ 2007 ከእስር የወጡ 16,420 ሰዎች ተጠንተው ነበር። ጠያቂ የነበራቸው ሰዎች እንደገና በከባድ ወንጀል የመፈረድ አደጋቸው በ13 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የወንድምና የእህት፣ የአባት፣ የሃይማኖት አባት ጉብኝት ጥሩ ሲሆን የቀድሞ የትዳር ጓደኛ ጉብኝት ግን አደጋውን ከፍ አድርጎ ታይቷል።

9 እና 10. ይህች የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ወሬውን ወደ ፍቺ ወሰደችው። አንዱ የቀድሞ ባለቤቱ ስለ ልጆቻቸው ብቻ ስትል ትጠይቀው እንደነበር ጻፈ። ሌላዋ ደግሞ እስረኛ እየጠየቀች ያሳለፈችውን ዘመን አንስታ ተከራከረችው። ሁለቱም ልብ የሚነካ ታሪክ አላቸው፤ ለብቻው ጥያቄ እንዲከፍቱበት ለምኜ ወደ ጉዳያችን ተመለስን።

11. አሥራ አንደኛው መልስ እሳት የላሰ ነው። ጸሐፊው የሠራተኞች መብት ተሟጋች ይመስላል። ያለ ክፍያ የሚጸዳ መናፈሻ ካለ ደመወዙን ያጣ የጽዳት ሠራተኛ አለ ብሎ ጀመረ። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1930 ያወጣው 29ኛው ስምምነት አንድ ሰው ቅጣት እያስፈራራው፣ በፈቃዱ ሳይሆን የሚሠራውን ሥራ የግዳጅ ሥራ ይለዋል። በፍርድ የተወሰነ ሥራ ከዚህ ትርጉም ነጻ የሚሆነው በመንግሥት አካል ቁጥጥር ሥር ሲከናወንና ሠራተኛው ለግለሰብ ወይም ለኩባንያ ሳይከራይ ብቻ ነው። እዚህ ፍርድ የለም፣ ፍርድ ቤትም የለም፤ ማደሪያ ማሳጣትም ማስፈራሪያ ነው። ተፈቺው ሥራ የሚፈልግበትን ሰዓት ቀምታችሁ ሥራ ፈት ነው ትሉታላችሁ በማለት ሁለተኛውን መላሽ ወረፈው።

12. እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም የምታስተባብር ሴት ተከላካይ ሆና መጣች። ሥራ ቀጣሪው በማመልከቻው ላይ የሚያየው የዓመታት ክፍተት ነው፤ በሰዓቱ ይመጣል፣ ከሰው ጋር ይግባባል ብሎ የሚመሰክር ሰው ያስፈልጋል፤ አገልግሎቱ ያንን ምስክር ያስገኛል አለች። ብዙዎች የመጀመሪያ ሥራቸውን ያገኙት በዚህ መንገድ መሆኑንም አይታለች። ንግግሯ ለስላሳ ነው፤ እውነትም አለበት።

13. አሥራ አንደኛው ተመልሶ መጣ። ምስክር ለማግኘት ማደሪያ መያዣ መሆን አለበት ወይ፣ ይህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ሲል አስተባባሪዋን አጣጣላት። ሰውን ማዋረድ ትቶ በሐሳቡ ላይ እንዲቆይ ጠየቅሁት፤ በሐሳቡ ግን ከእሱ ጋር ነኝ። የድጋፍ ደብዳቤውን የሚፈልግ ሰው ራሱ ይመጣል። ማደሪያ የሚፈልግ ሰው ግን ማደሪያ ማግኘት አለበት።

14. አሥራ አራተኛው ስለ እኛ ስለ በጎ ፈቃደኞቹ ጠየቀ። ተፈቺዎችን የሚከታተሉት በጎ ፈቃደኞች ማን መረጣቸው፣ ማን አሠለጠናቸው? ገንዘብ የሚያበድሩ፣ የቤታቸውን አድራሻ የሚሰጡ፣ የሰውየውን ወንጀል ለጎረቤት የሚያወሩ አጋጥመውታል። የተባበሩት መንግሥታት ከእስር ውጭ ስለሚፈጸሙ እርምጃዎች በ1990 ያወጣቸው የቶኪዮ ደንቦች በጎ ፈቃደኞች በጥንቃቄ እንዲመረጡ፣ ለኃላፊነታቸው እንዲሠለጥኑ፣ የሚያማክራቸው እንዲያገኙ፣ በሥራ ላይ ለሚደርስ አደጋ መድን እንዲገባላቸውና ያወጡት ወጪ እንዲተካላቸው ያዝዛሉ። ከእነዚህ ውስጥ በፕሮግራማችን የትኛው እንዳለ ጠየቀኝ። ሥልጠናው አለ፣ መድኑ የለም። ይህንንም ጽፌ ለሚመለከታቸው አስገብቻለሁ።

15. ለእሱ መልስ የሰጡት ሰው ስለ ጃፓን ብዙ ያውቃሉ። እዚያ ከ45,000 በላይ ሆጎሺ የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች ከአንድ ሺህ ገደማ መደበኛ ባለሙያዎች ጋር ሆነው ተፈቺዎችንና በክትትል ያሉትን ይከታተላሉ። የተቋቋሙበት ሕግ የ1950 ነው። ደመወዝ የላቸውም፣ ወጪያቸው ብቻ ይሸፈናል። ብዙዎቹ የሚከታተሉትን ሰው በገዛ ቤታቸው ሻይ አቅርበው ያነጋግሩት ነበር። በ2024 አንድ ሆጎሺ ተገድለው፣ ይከታተሉት የነበረው ሰው ተጠርጥሮ ከተያዘ ወዲህ ግን በቤት የሚደረገው ግንኙነት ይቅር ወይስ ይቀጥል የሚለው እዚያም አከራካሪ ሆኗል። አብዛኞቹም በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ተተኪ ማግኘት እያስቸገረ ነው። መላሹ ግን አደጋ አለ ብሎ ሥራውን መተው ተገቢ አይደለም ይላሉ። በ1841 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ በቦስተን ከተማ ጆን አውግስጦስ የሚባል ጫማ ሠሪ አንድን ሰካራም በዋስ ሲያስወጣ ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልከፈለውም። በ1859 እስኪሞት ድረስ ወደ 2,000 ለሚጠጉ ሰዎች ዋስ ሆነ። ግዛቲቱ ለዚህ ሥራ ደመወዝተኛ ሠራተኛ እንዲቀጠር ሕግ ያወጣችው እሱ ከሞተ በኋላ በ1878 ነው።

16. አሥራ ስድስተኛዋ ወደ ሦስተኛው ሰው ታሪክ መለሰችን። ፊደል ለማስቆጠር መፈታትን መጠበቅ ለምን አስፈለገው? በዌልስ ስዋንዚ እስር ቤት በ1991 ሰማሪታንስ የተባለው ድርጅት እስረኞችን አሠልጥኖ ራሳቸውን ለማጥፋት የሚያስቡ እስረኞችን እንዲያዳምጡ አደረገ፤ አሠራሩ በብዙ እስር ቤቶች ተስፋፋ። አዳማጮቹ በፈቃዳቸው የገቡ ናቸው፣ የሰሙትን ምስጢር ይጠብቃሉ። እንዲህ ያለ ልምድ ይዞ የሚወጣ ሰው መጥረጊያ ሳይሆን ወንበር ይሰጠው ስትል ጻፈች። በዚህ ሐሳቧ ልቤ ተነካ። ከውጭ የምናሰናዳለት አገልግሎት ሰውየው በውስጥ ከያዘው ሙያ ያነሰ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

17. ክርክሩን ለእኔ የቋጨው አሥራ ሰባተኛው መልስ ነው። የጻፈችው ነርስ ናት። ስለ አገልግሎት ክብርም ሆነ ውርደት አላነሳችም፤ ስለ ጊዜው ብቻ ጻፈች። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ከእስር በወጡ ከ30,000 በላይ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2007 የታተመ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመሞታቸው አደጋ ከሌላው ነዋሪ ከ12 እጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል። ግንባር ቀደሙ ምክንያት ከመጠን በላይ የተወሰደ አደንዛዥ ዕፅ ነው። ሰውነት በእስር ዘመን መልመዱን ይተዋል፤ ሰውየው ወጥቶ የድሮውን መጠን ሲወስድ ይገድለዋል። በዚያ ሰሞን የተቋረጠ መድኃኒት ማስቀጠል፣ ሐኪም ጋ መቅረብ፣ የሚያድርበትን ማረጋገጥ ይቀድማል። ከወጣበት ሳምንት ጀምሮ የሚለውን ሐረግ የጻፈ ሰው ያንን ሳምንት አያውቀውም አለች። ከዚህ መልስ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልጻፈም።

18. ሁለተኛው መላሽ ተመለሰ። ባዶ ቀን አደገኛ ነው የሚለውን አልተወም፤ ሁለቱ ሳምንታት ግን ይለፉ፣ ከዚያም ሰውየው ከተዘረዘሩት ሥራዎች ይምረጥ ሲል አሻሻለ። አሥራ አንደኛው ያም ቢሆን ማደሪያው መያዣ እስከሆነ ድረስ ምርጫ አይባልም አለው። እኔ ለፕሮግራሙ ያቀረብኩት ሐሳብ መጠለያው ከአገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ እንዲለይ፣ ሰደርያው እንዲቀር፣ ፊደል ማስቆጠርን የመሰለ ተፈቺው ራሱ ያመጣው ሥራም እንደ አገልግሎት ተቆጥሮ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲሰጥበት ነው። ገና አልተወሰነም።

19. የመጨረሻው ጥያቄ የአንዲት እህት ነው። ወንድሟ በቅርቡ ይፈታል፤ ፕሮግራም የሚባል ነገር በአቅራቢያዋ የለም። ምን ላድርግ ብላ ጠየቀች። እዚህ ላይ የተጣሉትም አብረው መለሱ። የመጀመሪያው መላሽ የመታወቂያ ወረቀቱ ከመውጣቱ በፊት እንዲዘጋጅ፣ በማንዴላ ደንቦች 108ኛ ደንብ መሠረት ተፈቺ ሰነዶች፣ ለወቅቱ የሚስማማ ልብስና የመጓጓዣ ወጪ ሊያገኝ እንደሚገባ ጠቅሰው ማረሚያ ቤቱን እንድትጠይቅ መከሯት። ነርሷ የመድኃኒቱን ማዘዣና የሕክምና ማስረጃውን በጽሑፍ ይዞ እንዲወጣ አለች። አሥራ አንደኛው ሰው በሚያስገርም ልስላሴ፣ ስለ ቅጥር የሚያውቃቸውን ሰዎች ሊያነጋግርላት ቃል ገባ። ሦስተኛው ደግሞ በአመክሮ ከሆነ የሚወጣው ሪፖርት የሚያደርግበትን ቀንና ሰዓት ከሁሉ አስቀድማ እንድትጽፍና የመጀመሪያውን ቀን አብራው እንድትሄድ ነገራት፤ አንድ ቀጠሮ ማለፍ ወደ እስር ሊመልስ ይችላልና።